ሰላምታ የማይመልሱ መንገደኞች

ጨነቅ ከሚባለው ስፍራ በላይ አፋፉ ላይ ብቻዬን የምጠብቃት አንቴና አለች። አውሮፕላኖች ያሉበትን ቦታ ከሳተላይት እያወቁ ሲናገሩ ትቀበላለች። አንድ ቀን ወደ ደባርቅ ገበያ የሚወርዱ የጃናሞራ ሽማግሌ ጎራ ቢሉ የሚያልፉት አውሮፕላኖች የሚታዩበትን ስክሪን አሳየኋቸው።

«ይህን ሁሉ መንገደኛ እንዴት ዋላችሁ ትላለህ?»

«የለም አባቴ፣ መስማት እንጂ መናገር የለም። እዚህ መኖሬንም አያውቁም።»

ደነገጡ። በእሳቸው አገር ሰላም ሳይባባሉ የሚተላለፉት የተጣሉ ሰዎች ብቻ ናቸው። «ስመለስ ከማዶ ሆኜ እጣራለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን «አንተ ልጄ፣ እንደምን አለህ?» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። ሮጬ ወጣሁ። ልመልስ አፌን ብከፍት ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ለካ ከእሳቸው ወዲህ ቃል አልተነፈስኩም። እጄን አውለበለብኩ፤ በመካከላችን የወረደው ጉም ግን ውጦኛል። ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ከዚያ የበቅሏቸው ኮቴ እየራቀ ሄደ።