ታሪክ አይነካም

ግቢ ልጄ፣ ግቢ... ጫማሽን ተይው፣ ይኼ ወለል ስንቱን ችሏል። ውጭ እንዴት ነው? ዘንድሮስ ፀሐይዋ ሰው ጠምዳ ይዛለች። ...ሦስተኛዋን ደረጃ ዝለያት! ጎሽ። እሷን የማያውቅ እንግዳ ሁሉ በጉልበቱ ነው የሚገባው። ትጠገን ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩ፤ «ታሪክ ነው፣ አይነካም» ተባልኩ። እውነት ነው እኮ። ታሪክ ይነካል እንዴ?

እንዲህ ያለ ቤት ገምተሽ ታውቂያለሽ? ዘጠና ሰባት ዓመቱ ነው። በሩ ላይ ያለውን የቅርስ ምልክት አየሽው አይደል፣ ባለ ቁጥሩን? በየሳምንቱ የምወለውለው እኔ ነኝ። ይኸው ዛሬ አንቺን ከመድን ድርጅት ላኩለት፣ መድን ሊገባለት በቃ፣ ተመስገን። ይህን ሁሉ ያሰቡት ጌታችን ናቸው... አዎ፣ በረንዳው ላይ ስልክ ይዘው የሚንጎራደዱት። አይ፣ አይሰሙንም፤ እሳቸው የሚሰሙት ቁም ነገር ብቻ ነው። ድምፄ ከፍ ካለብሽ ይቅርታ፣ ጆሮዬ ደከም ስላለ ነው።

ምን የመሰሉ አስተዋይ ሰው መሰሉሽ! ሌላው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው ዋይ ዋይ የሚለው። እሳቸው ገና ጭሱ ሳይሸት ዕቃውን አወጡ። መጀመሪያ የአባታችን የግድግዳ ሰዓት ሄደ፤ «እዚህ አቧራ ይጎዳዋል» አሉ። ቀጥሎ የእናታችን ሳጥን። ከዚያ ፎቶዎቹ ከነፍሬማቸው። ለካ ታሪክ አይነካም የሚባለው ደረጃ ሲሆን ነው፤ መኪና ላይ የሚጫን ሲሆንማ ይነካል። አሁን የአዲሱ ቤታቸው ሳሎን ታሪክ በታሪክ ሆኗል አሉ። እኔ አላየሁትም... መንገዱ ያደክምሻል ብለው አዘኑልኝ። ወንድም ጋሻ ነው ይባል የለ? ጋሻ ደግሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው የሚያምረው፤ ከፊት ልቁም ካለማ ይቧጨራል።

የመብራት ገመዱን አየሽው? ጻፊ፣ ጻፊ። ዝናብ ሲመጣ ጣ... ጣ... ይላል። ባለሙያ ልጥራ ብላቸው «እሱም ታሪክ ነው» አሉኝ። ጣሪያው የሚያፈሰውም ታሪክ ነው። ታሪክ ያልሆነው ከሥሩ የደቀንኩት ባልዲ ብቻ ነው፤ እሱን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ።

ቅድም በር ላይ «ጠባቂዋ እርስዎ ነዎት?» ስትይኝ... ምነው አቀረቀርሽ? አልተቀየምኩሽም። አንቺ ምን ታደርጊ፣ ፎርሙ ላይ የሞሉልሽን ነው ያነበብሽው። «በቤቱ የሚኖር የቤተሰብ አባል፦ የለም። ቋሚ ጠባቂ፦ አንድ።» እንዴት ያለች አጭር፣ ንጹሕ መስመር! እዚሁ ተወልጄ፣ እናትና አባቴን አስታምሜ ከዚህችው ክፍል ሸኝቼ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ ኖሬ፣ እሳቸው በአንድ መስመር ነገሩኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምተሻል? እሳቸው ይኼ አይደርስባቸውም፤ ጅቡ ሳይመጣ ውሻዋን አስመዘገቡ።

የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወልም አለ ብለዋል አይደል? ጣሪያ ጣሪያውን አትዪ ልጄ፣ አታገኚውም... እሱም እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጭስ ሲሸተኝ እንዴት እንደምጮህ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። አራት ዓመታቸው ሳለ አልጋ ሥር በክብሪት ሲጫወቱ ፍራሹን አቀጣጠሉት። እሳቸውን በአንድ እጄ፣ ውሃውን በሌላው... ይኸውልሽ ጠባሳው። አባታችን እንዳይገርፏቸው ብዬም «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አልኩና የእሳቸውን ዱላ ቀመስኩ። ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል እሳትን የፈሩት... ወይም የለመዱት፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ታናሼ አይደሉ፣ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኳቸው። ያኔ ከባድ ነበሩ። አሁንማ ቀለሉ... ሰውነታቸውን ማለቴ ነው፤ ከሳ አላሉብሽም?

አንቺ የተማርሽ ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠባቂ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል የሚሉት እውነት ነው? ለነገሩ ለራሴ አይደለም፤ ለአልጋዬ ነው። ዛሬ አንቺ ከፈረምሽ በኋላ በወረቀት ቤተሰብ የማይኖርበት ቤት ሆነ ማለት ነው። ከዚያ «ጠባቂዋ ትሂድ» ቢባል እሷን የት ላድርጋት? እንደ ሰዓቱ ትጫናለች ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ያረጀችው ከእኔ ጋር ነው፣ ታሪክ የላትም።

ውይ፣ ብዕርሽን ለምን ከደንሽው? አንቺ ሥራሽን ሥሪ እንጂ! የአሮጊት ወሬ ሰምተሽ... ይኸው መጡልሽ፣ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። ግቡ ጌታዬ፣ ግቡ፤ ስለ እርስዎ ደግ ደጉን እያወራን ነበር። ቀስ ብለው፣ ሦስተኛዋን ይዝለ...

እኔን! እኔን ይድፋኝ! ጉልበትዎን ነው? አየሽ ልጄ፣ የሥራ ብዛት እኮ ሰውን ያስረሳል፤ የተወለዱበት ቤት ነው እንጂ እንግዳ ሆነው መሰለሽ? ...መውደቃቸውን አትጻፊው፣ ነውር ነው። ኧረ ተይ... ጻፈችው።

ተነሡ ጌታዬ፣ እጄን ያዙ፤ በጠባሳው በኩል ይያዙት፣ እሱ ጠንካራ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እንደ እኔ እስኪሸብቱ ያቆይዎት። ልጆችዎን ይባርክልዎት፤ አጻጻፉን ከእርስዎ ይማሩ። እርጅናዎ ደርሶ እነሱም በተራቸው ፎርም ሲሞሉ፣ እርስዎ እኔን በጻፉባት መስመር ላይ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ፣ እርስዎን ይጻፉዎት።

አሜን በሉ እንጂ!