በእጅ የሚገለበጠው ደብተር

ወንድሜ ከሞተ በስምንተኛው ወር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከወደቡ ቤተ መጻሕፍት ስወጣ ደረጃው ላይ አባባ መልህቅን አገኘኋቸው። አባባ መልህቅ የሰመጡ መርከቦችን ለሚያጠኑ ሰዎች መጥለቅን የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወንድሜም ተማሪያቸው ነበር። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው ሰማያዊ ደብተር ይዛ ቆማለች። ደብተሩን አወቅኩት። እርሳቸው ከመምህራቸው የገለበጡት፣ ወንድሜም ከእርሳቸው የገለበጠው ነው። በእነርሱ ዘንድ ተማሪ ይህን በእጁ ገልብጦ ሳይጨርስ ውኃ አይነካም።

"ቅዳሜ ትጠልቃለች" አሉኝ።

"በዚህ ደብተር?"

"በምን ታዲያ? በጸሎት?"

"አባባ፣ ደብተሩ ዕድሜው ስንት ነው?"

"ካንተ ይበልጣል። ስለዚህ ታከብረዋለህ።"

"አከብረዋለሁ። ግን ጠላቂ ከጥልቅ ሲወጣ ደሙ ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ እንዲለቀው የት ላይ ስንት ደቂቃ መቆም እንዳለበት የሚናገረው ሠንጠረዥ ከዚያ ወዲህ ታርሟል። ወንድሜ በደብተሩ ልክ ቆሞ ነው የወጣው።"

"ወንድምህን ብርድ ነው የመታው።"

"ጉልበቴን፣ ትከሻዬን አመመኝ ሲል ብርድ ነው ብለን ብርድ ልብስ ደረብንለት። እኔም ደርቤለታለሁ። ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ወስደነው ቢሆን..."

ሽማግሌውን ለመክሰስ አልጽፍም፤ አለማወቁ የሁላችንም ነበር።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አሉ ቆጣ ብለው። "አንተ ልብስ ሰፊ ነህ። ስለ ባሕር ማን ነገረህ?"

"ከቀብሩ በኋላ እኔም ያገኘሁትን አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ ሰበሰብኩ። ያረመችኝ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት። 'ከርዕሱ በፊት የታተመበትን ዓመት እይ፤ ከዚያ የታረመ እትም እንዳለ ጠይቅ' አለችኝ። የዘንድሮዎቹን የጥናት መጽሔቶች በኮምፒውተር አሳየችኝ፤ በነፃ የሚነበቡ አሉ። ያልገባኝን ለጸሐፊዎቹ ጻፍኩ፤ ሁለቱ መለሱልኝ።"

"መጽሐፍ እንደ ዳቦ ይሻግታል ልትለኝ ነው?"

"ዳቦስ ሲሻግት ይታያል፣ አባባ። ደብተሩ 'ከባሕር የወጣ እንጨት ፀሐይ ላይ ይድረቅ' ይላል። አምና ያወጣችሁት መቅዘፊያ የት አለ?"

ከእርሳቸው ቀድማ ልጅቱ መለሰች።

"ዱቄት ሆነ። እኔ ነኝ ጠርጌ የደፋሁት።"

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩአት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወንድምህ ስንት ደቂቃ መቆም ነበረበት?" አሉኝ።

ገልብጬ የያዝኩትን አዲሱን ሠንጠረዥ ዘረጋሁላቸው። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። ከደብተሩ በአሥራ አንድ ደቂቃ ይበልጣል። ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ወንድምህ ቁጥሩን ሲገለብጥ ተሳስቶ ነበር" አሉ። "አብዝቶ ጽፎ ነበር። በእጄ ወደ ደብተሩ ቁጥር መልሼ ያረምኩት እኔ ነኝ።"

ሠንጠረዡን መልሰውልኝ፣ "ነይ፣ የኔ ልጅ፣ ያቺን የቤተ መጻሕፍት ሴትዮ እንጠይቃት" ብለው ተነሡ።

ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሕተቱም አብሮ ይተላለፋል። የመጽሐፉን ዓመት የሚጠይቅ ሰው መምህሩን አልናቀም፤ የራሱን ነፍስ ይጠብቃል፣ ከባሕር ሥር የቆየውንም ነገር ከመፍረስ ያድናል። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ልጅቱ ቅዳሜ አልጠለቀችም። በአምስተኛው ወር ከሌላ አስተማሪ ጋር ጠለቀች፤ አዲሱ ሠንጠረዥ በሚለው ልክ ቆማ በደኅና ወጣች። አባባ መልህቅ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ማንንም አላስተማሩም።