ለጠራው የሚገባ በረኛ

ዘነበች ባለፈው ፋሲካ ለሴት ልጇ ሰርግ ሁሉን ስትጠራ፣ እኔን «ሰው ከጎደለ እንጠራሻለን» አለችኝ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን አልጠራችኝም። ዛሬ ከዳውንታውን ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ከኋላዬ ያወራሉ።

«ሱፐርቫይዘሬ እኮ የበረዶ ሆኪ በረኛ ነው።»

«ያ ቦርጫሙ?»

«ተጠባባቂ ነዋ። የአንዱ ቡድን በረኞች ሁለቱም ከተጎዱ እሱ ይገባል።»

«እስከዚያስ?»

«ተመልካች መሃል ቁጭ ብሎ ፈንዲሻ ይበላል።»

«ለኛ ቡድን ነው?»

«በረኛ ላለቀበት ነው።»

«ለተጋጣሚያችንም?»

«ማሊያቸውን አልብሰው ያስገቡታል። አንዴማ ገባላቸውና አሸነፉን።»

«ባንዳ በለኛ።»

«ምን ያድርግ? እኛ አስቀመጥነው፣ እነሱ ጠሩት።»

ሂልቶፕ ፌርማታ ስደርስ ወረድኩና ለሙሽራው እናት ደወልኩ።