ሦስት ጊዜ «አልተገኙም»

የተከበራችሁ ልጆቿ፣ እህት ወንድሞቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የፍርድ ቤት ባልደረቦቼ፣ እናንተም በእጇ ያለፋችሁ ቤተሰቦች፤ ፀሐዩ ከብዷል፣ መቃብሯ አፋፍ ላይ ቆማችኋል፣ አውቃለሁ። ቶሎ እጨርሳለሁ ብዬ ግን አልዋሻችሁም።

ለማታውቁኝ፣ የፍርድ ቤቱ ተቆጣጣሪ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ያጠፋ ታዳጊ ማቆያ ከሚገባ ቤቱ ሆኖ ከነቤተሰቡ በምክር ይታከም ብላ ይህን ሥራ የጀመረችው እሷ ናት። እሷ ቤት ለቤት ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ እየሄድኩ ቤተሰቡ በእርግጥ ተሰብስቧል ወይ የሚለውን አይቼ ለዳኛው እጽፋለሁ። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እመዘግባለሁ።

ስሟን ትታችሁ «ማን ጎደለ» ነበር የምትሏት። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤት ስትገባ ሳትቀመጥ ዙሪያውን ታያለች። «ማን ጎደለ?» አባት ጎደለ? አትጀምርም። ትልቋ እህት ጎደለች? አትጀምርም። «ያጠፋው ልጁ፣ እኛን ምን አድርጉ ነው የሚሉን?» ሲሏት «ልጁ ብቻውን አላደገም» ትላለች። አለቀ።

አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። እዚህ ቆሟል፣ ባነሳው አይከፋውም። ልጁ መኪና ሰርቆ ሲነዳ ተይዞበት፣ በንዴት ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ጀርባውን ሰጣት። እሷ ምን አደረገች? በርጩማዋን አንስታ በእሱና በግድግዳው መሃል ተሸጎጠች። ጉልበት ለጉልበት ገጠሙ። «ይህን ግድግዳ ማን ቀባው?» አለችው። «እኔ።» «ልጁስ አግዞ ያውቃል?» «ያበላሽብኛል ብዬ አባርረው ነበር» አለ። ልጁ ዛሬ ከአባቱ ጋር ይቀባል። አሁንም ያበላሻል አሉ። ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ነው።

ይህንን የምታውቁት ነው። የማታውቁት አለ።

አስራ አንድ ዓመት ሆነው። የአንድ አውቶቡስ ሾፌር ልጅ፣ አስራ ስድስት ዓመቱ፣ በጠብ መሃል የባለሱቅ ጭንቅላት በድንጋይ ፈነከተ። ዳኛው ጉዳዩን ለእሷ ሰጠ። ስድስት ወር ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይቀመጣል። ሦስት ጊዜ ከቀሩ ልጁ ማቆያ ይገባል። ደንቡ ይኸው ነው።

የአባትየው ፈረቃ ተቀየረ። ማክሰኞ ቤት አይገኝም። እሷ ደግሞ ሰው ጎድሎ አትጀምርም። ታዲያ እናትየውን፣ ልጁንና ታናሽ እህቱን ይዛ አውቶቡሶቹ ወደሚቆሙበት ጋራዥ ሄደች። ሦስት ማክሰኞ በእረፍት ሰዓቱ፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጡ። ልጁ አባቱን «ስትጮህብኝ ቤት መምጣት ያስጠላኛል» ያለው እዚያ ነው። አባትየው መሪውን እንደያዘ አለቀሰ።

እኔስ የት ነበርኩ? ቤታቸው በር ላይ። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ቅጹ «በመኖሪያ ቤት» ነው የሚለው። «አልተገኙም» ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱም «አልተገኙም»። በሦስተኛውም «አልተገኙም»። ጎረቤት አልጠየቅኩም። ቢሮዋ ከቢሮዬ ሁለት በር ነው፣ ብቅ ብዬ «የት ነበራችሁ?» አላልኩም። የምቆጣጠረውን ሰው መጠየቅ ቁጥጥር አልመሰለኝም። ቦታ መቀየሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ነበር። ከመዝገብ ሥር ያገኘሁት ልጁ ከተቀበረ በኋላ ነው።

አዎ፣ ከተቀበረ በኋላ። ዳኛው ወረቀቴን አነበበ፣ ልጁን ከክፍል አውጥተው ወሰዱት። እሷ ጋራዥ መሰብሰባቸውን የጻፈችበትን ማስታወሻ ይዛ ወደ ዳኛው ሮጠች። የሁለት ወር ቀጠሮ ሰጧት። ልጁ በአርባ ሦስተኛው ቀን ከማቆያው ወጣ። በእግሩ አይደለም የወጣው። ትልልቆቹ ደብድበው ገደሉት።

አባትየው ቢሮዋ መጣ። እኔም እዚያው ተቀምጫለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ የሚላት ሰው «አንቺ» አላት። «ኑ ባልሽን ቦታ ሁሉ መጥተናል። ቀርተዋል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ልጄን በላሽው» አላት። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየች። ከዚያ «ይቅርታ» አለችው። የእኔን ጥፋት በእሷ አፍ።

ሲወጣ «ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «ተቆጣጣሪያቸው አይታመንም ከተባለ ሥራው ዛሬውኑ ይዘጋል። አስራ አራት ልጆች አሁን ቤታቸው ናቸው። ሁሉም ነገ ማቆያ ይገባሉ። ሥራው ሥር ሲሰድ አንተው ራስህ ትነግረዋለህ» አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

ሥራው ሥር ሰደደ። ከሰደደ ስንት ዓመቱ ነው? ነገርኩት ወይ? ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። የእሱ አውቶቡስ ሲመጣ አትሳፈርም ነበር። ሲያያት እንዳይከፋው የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። እኔም አብሬያት እጠብቃለሁ። አብሬያት ቆሜ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ አወራታለሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋም አይረሳም። ዝም ማለት ይችላል እንጂ።

ሾፌሩ ዛሬ መጥቷል። ከኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ለምን እንደመጣ አላውቅም። ወንድሜ፣ ቅረብ አልልህም፣ እዚያው ሆነህ ስማኝ። ልጅህ አልቀረም። እናንተም አልቀራችሁም። እሷ ስለ እናንተ አንድ ክፉ ቃል አልጻፈችም። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህንኑ ዛሬ ጠዋት ለዳኛው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም። ሰዉ ሲበተን እዚህ ነኝ፣ አልሄድም።

አንቺ ግን፣ እህቴ፣ የእኔን ክፉ ስም ተሸክመሽ መቃብር አትግቢ። እሱን ለእኔ ተይልኝ። ቀላል ሆነሽ ሂጂ። አፈሩ ሳይመለስ ደረስኩልሽ። ከዚያ ቀድሜ አልደረስኩልሽም።