የኔ ዳለቻ በሬ እና የሞጣው ሞተረኛ

በኛ የልጅነት ዘመን መንገድ የከብት ነበር፤ ሰው ነው ለከብት የሚለቅ። መኪና ሲመጣ፣ ያውም ከስንት አንዴ ቢመጣ ነው፣ ሹፌሩ ይወርድና በሬውን እያባበለ "በል እንግዲህ ጌታው፣ አሳልፈኝ" ይል ነበር። አትሳቁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ታዲያ እናንተ የሞተር ልጆች ቢቸና ላይ ሞተር ካስነሣችሁ ሞጣ ሳትደርሱ አትበርዱም፣ እኛ ደግሞ መንገዱ ያው የድሮው መንገድ ይመስለናል፣ ነገሩ ሁሉ የተጋጨው እዚያ ላይ ነው። አንተ፣ ቁልፍህን ማሽከርከሩን ተውና እንዳልሁት ጻፍ፤ አታሳምረው።

እና እኛ መንደር ደንብ አለ። እህል ከማሳ ከተነሣ ከብት ይለቀቃል። የማንም ማሳ የሁሉም ነው፣ የተረፈውን ይብላ ነው፣ ጠባቂ የለ፣ ገመድ የለ። ያን ጊዜ በሬውን ያሰረ ሰው "ጎረቤቱን አላመነም" ይባላል፤ ነውር ነው፣ ትልቅ ነውር! ታዲያ አስፋልት መጣ። አስፋልት ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሰዋል፣ የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጆሮ ይቆርጣል። ከብት ሞኝ መሰላችሁ? ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከማሳው ይነሣና ሄዶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። እኛም እያየን "ብልጥ ሆኑ እኮ!" እያልን እንስቅ ነበር። አዎ፣ እንስቅ ነበር።

የኔ በሬ ዳለቻ ነው። አመድማ። አስፋልቱም አመድማ፣ ምሽቱም አመድማ። እና ምኑ ይታያል?

ያን ዕለት አውድማ ላይ ነበርሁ። ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ሞተር፣ ዝዝዝዝ… እያለ፣ ከዚያ ጧ! ከዚያ ዝም። ዝምታው ነው ያስፈራኝ። መንሼን ጥዬ ሮጥሁ፣ ሌሎችም ተከተሉኝ። ስንደርስ ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ ጎማው ለብቻው ይዞራል፣ አንድ ልጅ ቦዩ ውስጥ ወድቋል፣ ከብቱ ሁሉ ደንብሮ አንድም የለ። ሄልሜቱስ? ሄልሜቱ ክርኑ ላይ! ክርኑ ላይ አንጠልጥሎት! ምን ትስቃላችሁ፣ ይኸው ያንተም መሪው ላይ ተሰቅሏል። መሪው ነው እንዴ የሚያስበው?

"ስምህ ማነው፣ ልጄ?" አልሁት።

"ሰይድ" አለኝ።

"ከየት ነህ?"

"ከሞጣ…" አለና ዓይኑ ተገለበጠ።

ከራሱ ደም ይወርዳል፣ እግሩ ተጣሟል። ጋቢዬን አውልቄ ራሱን አሰርሁለት፣ አይሱዙ አስቁመን ጫንነው፣ እኔም አብሬው ወጣሁና እስከ ሞጣ ድረስ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ደግፌ ሄድሁ። እኔ "አይዞህ፣ አይዞህ" እላለሁ፣ እሱ "አባባ፣ አመድማ በሬ ነው፣ አልታየኝም፣ አልታየኝም" ይላል። ሐኪም ቤት አስረከብሁት፣ ስሜን እንኳ ሳልናገር ተመለስሁ። በሬው የኔ ይሁን የሌላ ሰው ያኔ አላውቅም። እውነቴን ነው፤ ያኔ አላውቅም።

ጠዋት በረት ብገባ ዳለቻዬ ቆሟል፣ ታፋው ተልጧል፣ ቁስሉ ውስጥ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። ሚስቴ ጥሩነሽ ከኋላዬ መጣች።

"ምን ሆነ በሬው?"

"ጅብ ሞክሮት ነው" አልሁ።

ዝቅ አለችና ያንን የሚያብለጨልጭ ነገር በሁለት ጣቷ ነቅላ አወጣችው። የመስታወት ስባሪ! ወደ ፀሐይ አነሣችና ፊቷን አየችበት።

"አዬ፣ ጅቡ ሞተር ገዝቷላ!" አለችና ጥላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እራት ስታቀርብልኝ ዓይኔን አታይም።

ታዲያ "ለምን አልተናገርህም?" በሉኝ። እስቲ በሉኝ!

— ለምን አልተናገሩም፣ አያ አስረስ?

አፈርሁ፣ ልጄ። ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የምጠራው እኔ ነኝ፤ የሰውን ጥፋት እያወጣሁ ነው ያረጀሁት። ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፣ ይመሻል። ነገ እላለሁ፣ ይነጋል። ውሸት ደግሞ እንደ እርሾ ነው፣ ባደረ ቁጥር ይነፋል።

በዚህ መሐል የሞተር ልጆች አደሙብን። "እናንተ ሰፈር ከብት እንጂ ሰው የለም" እያሉ የኛን ሰው መጫን ተዉ። እጅህን ብትዘረጋ ክላክስ አድርጎብህ ያልፋል። የታመመ እንኳ ይዘን ብንቆም አይቆሙም። ያለነሱ ደግሞ ምን እንሁን? ነፍሰ ጡሯን እንደ ድሮው በቃሬዛ ልንሸከም ነው? ሰው ተጨነቀና አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ታውቃላችሁ? ከየት ታውቁታላችሁ! መንደሩ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥና አንድ በአንድ እየተነሣ ያየውን ይናገራል፣ እውነቱ እስኪወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። እና ሰብሳቢው ማን ሆነ? "አያ አስረስ ይምሩን" አሉ። እኔ! ከዘራዬን ይዤ የመንደሩ ሾላ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ጥፋተኛው ዳኛ ሆኖ፣ አያችሁልኝ?

ሞተረኞቹ ከሞጣም ከቢቸናም መጥተዋል። ከድጃ የምትባለው የልጁ እናትም መጣች፤ ሞጣ ላይ ጨርቅ የምትነግድ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። የኛ ሰው እየተነሣ "አላየሁም፣ የኔ አይደለም" ይላል፣ ይቀመጣል። ተራው ታረቀኝ ዘንድ ደረሰ። ታረቀኝ ቀንጃዬ ነው፤ እሱም አንድ በሬ ነው ያለው፣ እኔም አንድ፣ አቀናጅተን ነው የምናርሰው። እና የሱም በሬ ዳለቻ ነው። በመንደሩ ዳለቻ በሬ ያለን ሁለታችን ብቻ ነን። የኔን በሬ ግን ማን ደፍሮ ያነሣል?

አንዱ ሞተረኛ ብድግ አለና "እሱ ነው! ሰይድ አመድማ በሬ ነው ብሎናል፣ አመድማ በሬ ያለው እሱ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ታረቀኝ ኮፍያውን አወለቀ። "በሬዬን አምጡና እዩት፣ ጭረት የለበትም" አለ።

"ቁስሉን አሽታችሁ አድናችሁት ነዋ!" አለ ሌላው። "ስንት ቀን ሆነው!"

ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዓይኑን ታረቀኝ ላይ ጣለ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ "ታረቀኝ፣ ያለህን ተናገር" አልሁት። አፌ እንዴት ተላቀቀ? እሱም አልጮኸም፣ አልማለም፣ ወደ እኔ አየ።

ይሄኔ ከድጃ ተነሣች። "ሰዎች፣ እኔ በሬ ፍለጋ አልመጣሁም" አለች። "አላህ ይመስገን ልጄ ተርፏል፣ እግሩ በጄሶ ነው። ራሱን ደግፎ ከሐኪም ቤት ያደረሰው አንድ ሽማግሌ አለ፣ እሱን አሳዩኝ። ጋቢው እኔ ዘንድ ቀርቷል።" ከፌስታል አወጣችው። የልጇ ደም የነበረበትን ጋቢ አጥባ አጥባ እንደ አዲስ አድርጋዋለች!

ሕዝቡ ባንድ አፍ "አያ አስረስ ናቸው!" አለ።

እሷም ወደ እኔ መጣች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ "አላህ ዕድሜዎን…" ብላ ስትጀምር እጆቿን ያዝኋቸው።

"አትመርቂኝ" አልሁ። "በሬው የኔ ነው።"

"ምን አሉ?"

"ልጅሽን የጣለው በሬ የኔ ነው። በማግስቱ አውቄያለሁ፣ ደብቄያለሁ። ታረቀኝን ልቀቁት።" ከድንጋዩ ተነሣሁና ሄጄ ታረቀኝ አጠገብ ቆምሁ።

አየችኝ። አየችኝ። ከዚያ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ወረወረችው፤ አልብሳኝ ይሁን መትታኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። "የጣለው በሬዎ፣ ያነሣው እጅዎ! ታዲያ እኔ ምን ልበል?" አለች። ቀጥላ ወደ ሞተረኞቹ ዞረች። "እናንተስ? የኔ ልጅ መብራቱ ተበላሽቶ፣ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አድርጎ ነበር የሚበረው። እሱስ አውጫጭኝ አይጠራበትም? እስቲ ዛሬ ሄልሜት አጥልቆ የመጣ እጁን ያውጣ!"

አንድም እጅ አልወጣ። አንድ ፀጉሩን ያሳደገ ልጅ "እማማ፣ ፀጉር ያበላሻል እኮ" አላት።

"የመቃብር አፈር አያበላሽም?" አለችው።

ሳቅ ሆነ! ያ ሁሉ የተቋጠረ ፊት ተፈታ። እኔም ለታረቀኝ በሕዝብ ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ድንጋዩን አነሣልኝ። እዚያው ተማማልን። እኛ እህል ቢነሣም ከብት በተራ ሊጠበቅ፣ አስፋልት ሲሻገር በገመድ ሊሳብ፣ ሳይመሽ በረት ሊገባ። እነሱ ሄልሜት ሊያጠልቁ፣ መብራት ሊያሠሩ፣ ከሾላው ኩርባ ጀምሮ ሊያዘግሙ። ሰይድ በክራንች መሄድ ሲጀምር ከጓደኞቹ ጋር መጣና መብራት ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ፕላስተር በየበሬው ቀንድ ላይ ለጠፈልን። ዳለቻዬ ማታ ሲመጣ የጭነት መኪና ይመስላል። ጥሩነሽም "መንጃ ፈቃድስ አወጣህለት?" ትለኛለች። ሁሉም ሰው ቃሉን ጠበቀ አልልም፣ አልዋሽም ከእንግዲህ፤ ዛሬም የሚለቅ አለ፣ ዛሬም የሚበር አለ። ግን ሞተር ለኛ ሰው ይቆማል፣ እኛም አስፋልት ላይ የተኛ ከብት ስናይ አንስቅም፤ የማንም ይሁን የማን አስነሥተን ነው የምናልፍ።

ደግሞ አንዱን ሳልነግራችሁ። ያን ዕለት ከስብሰባው ስንመለስ ከታረቀኝ ጋር ነበርሁ። ኋላ "አውቅ ነበር እኮ" አለኝ።

"ምኑን?"

"በሬውን ነዋ። ታፋውን አይቼዋለሁ። አብሬው እያረስሁ አላውቀውም?"

ቆምሁ። "ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲያፈጥብህ ለምን 'የሱ ነው' አላልህም?"

"ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ" አለኝ። ትንሽ ሄደና ደግሞ ዞረ። "ቆዩብኝ እንጂ፣ አያ። ኧረ በጣም ቆዩብኝ!"

ሃሃሃ! እና እናንተ ልጆች፣ ሰው እያመነህ ቶሎ ብለህ አለመናገር ነው ትልቁ አደጋ።

— ዛሬም አብራችሁ ነው የምታርሱት፣ አያ?

ታዲያስ! በሬዎቹ ከኛ ቀድመው ነው የታረቁት።