አልቃሿ መኪና

ክቡራትና ክቡራን፣ የጋራዣችን ሥራ አስኪያጅ፣ ጋሽ አፍንጫ፣ እህት ወንድሞቼ፤ ዛሬ ሥራ አቁማችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ እጃችሁን በሳሙና ፈትጋችሁ ስለ ጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የአንዳንዶቻችሁን እጅ ትክክለኛ መልክ ዛሬ ገና አየሁት።

ሥራ አስኪያጃችን “አጠር አድርጊው” ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። እሺ ማለትና ማሳጠር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ስልክ ሳነሳ ስንት ዓመት ሰምተውኛል።

እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ ይባላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ከእኔ መስኮት የሚታየው የመኪና ጀርባ ነው። መኪናው ሁሉ ወደ ኋላ እየተነዳ ይመጣና ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ መውጫውን፣ ወደ መስታወቴ አዙሮ ይቆማል። ሌላው የሰው ፊት እያየ ሲያረጅ እኔ ጭስ እያየሁ ሸበትኩ። ጭሱን ማንበብ ያስተማሩኝ ዋናው መካኒካችን ጋሽ አፍንጫ ናቸው፤ ስማቸውን ያገኙት አሽትተው ስለማይስቱ ነው።

እንግዶችም ስላላችሁ የቤታችንን ቋንቋ ላስረዳ። ጥቁር ጭስ የሚተፋውን “ሆዳም” እንለዋለን፤ ነዳጁን ሳያላምጥ የሚውጥ ነው። ሰማያዊ የሚያወጣው “ሰካራም” ነው፤ ዘይት ይጠጣል። ነጭ ሲሆን ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በብርድ ጠዋት ትንሽ እንፋሎት አውጥቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚተወው ጤነኛ ነው፤ የእኛስ አፍ ጠዋት ጠዋት ይተን የለ? ሞቆም የማይተወው፣ ወፍራም ነጭ ጭስ እየጎተተ የሚሄደው ግን የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ሞተሩ ውስጥ እየተቃጠለ ነው። እሱን “አልቃሽ” እንለዋለን።

ዛሬ ከእናንተ የምትለየኝ ይህቺ ቃል ናት።

አንድ ዝናባማ ጠዋት አንዲት ነጭ መኪና መስኮቴ ስር መጥታ ቆመች። ሌላ ጭስ ይበተናል። የእሷ ግን መስታወቴ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ሰው ግንባሩን አስደግፎ ወደ ውስጥ ሲያይ ትንፋሹ እንደሚቀረው። በመስኮቱ ክፍተት የተቃጠለ ስኳር ሽታ ገባ። ወዲያው አንድ ሰውዬ ገብተው ፍሬን እንዲታይላቸው ጠየቁ። ፍሬን ብቻ። እኔም እንደ ልማዴ ቀና ሳልል፣ “ፍሬኑስ ይታያል ጌታዬ፤ ግን እኮ አልቃሽ ናት” አልኳቸው።

ቀና ስል ፊታቸው እንደ ጭሱ ነጥቷል።

“እርስዎም ሰሟት?” አሉኝ።

ሳቄ መጣ፤ እንደ መጣም ተመለሰ። ቀስ ብለው ነገሩኝ። መኪናዋ የሟች ባለቤታቸው ናት። ባለቤታቸው ኬክ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ ስኳር ሲያቀልጡ ውለው ሲገቡ ልብሳቸውም ጸጉራቸውም ያንን ይሸት ነበር። ከሞቱ በኋላ ልብሱ ታጠበ፤ ቤቱም ሽታውን ረሳ። አንድ ቀን መኪናዋን ሲያስነሱ ግን ሽታው ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መኪናዋ በምታድርበት ክፍል ገብተው፣ ሽታው እንዳያመልጥ በሩን ዘግተው፣ ሞተሩን አስነስተው ይቀመጣሉ። ትንሽ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ከዚያ ስታለቅስ ይሰሟታል።

ጋሽ አፍንጫን ጠራኋቸው። ማርሚታዋ ጋ አጎንብሰው አንዴ ማግ አደረጉና ጨረሱት። ሽታው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው፤ ሲቃጠል ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚያሽገው ጋስኬት ተበልቷል፤ ይቀየራል። ስለ ተዘጋው በር ስነግራቸው ግን መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። ጋሽ አፍንጫ መፍቻ ሲጥሉ ያየ አለ?

“ስማ ወንድሜ” አሉ ቢሮዬ ገብተው፤ “የሚገድልህ ነጩ ጭስ አይደለም። አብሮት የሚወጣ ሌላ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም። እኔም በዚህ አፍንጫዬ አላውቀውም። ራስህን የሚያዞርህም፣ ያ የምትሰማው ልቅሶም የእሱ ሥራ ነው።”

ሰውየው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመሩ። “ካስተካከላችኋት ትሄዳለች” አሉ።

ይዘዋት ከወጡ ነገ ጠዋት ያ በር እንደገና ሊዘጋ ነው። ምን ልበል? መቼም ወሬ አያልቅብኝም፤ ያን ጊዜ ግን አለቀብኝ። አንድ ነገር ብቻ ከአፌ ወጣ።

“ባለቤትዎ ቢሆኑ ኖሮ በሩን ይከፍቱልዎት ነበር።”

ከበሩ ተመለሱ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

ጋስኬቱ ተቀየረ። ጭሱ ጠፋ፤ ሽታውም ጠፋ። ሰውየው ግን አልጠፉም። ዛሬ መብራት፣ ነገ የዝናብ መጥረጊያ። የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊዋ እህቴ፣ “የሚያስፈትሹት መኪናዋን ነው ወይስ አንቺን?” እያለች ስታሾፍብኝ ያልገባኝ መሰልኩ። ገብቶኝ ነበር። ይኸው ቀለበት ታሰረ፤ ሥራቸውም ወደ ሌላ ከተማ ስለ ተዛወረ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ሆኜ ልከተላቸው ነው። ደስታዬ ከጥርሴ በላይ ነው፤ ታዩኛላችሁ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ሴቶቹ ይገባችኋል፤ በሟች መኪና ተቀምጦ ሙሽራ መሆን ቀላል ነው? ሌሊት ሌሊት ይከነክነኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ዕቃ ልናሰናዳ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ስንጨርስ ልንወጣ መኪናዋ ጋ ቆምን። የእኔ ወገን በር ከውጭ አይከፈትም፤ ሁልጊዜ እሳቸው ገብተው ከውስጥ ነው የሚከፍቱልኝ። የዚያን ዕለት ጃንጥላ ይዘውልኝ አጠገቤ ነበሩ፤ ቁልፉም በእጃቸው አለ፤ አየዋለሁ። ሞተሩ ከትናንት ጀምሮ አልተነሳም።

ከማርሚታዋ ነጭ ጭስ ወጣ። ቀጭን። ዝናቡ አልበተነውም። መሬት ለመሬት መጥቶ እግሬ ስር ቆመ፤ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። በልቤ፣ ይሄ ልቅሶ ከሆነ ቀለበቱን መልሼ ወደ ቤቴ ልሂድ አልኩ። የሰው እንባ ረግጬ አልገባም።

ቀጭ አለ። በሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተከፈተ።

ሰውየው “ሰማሽ?” አሉኝ በሹክሹክታ። ሰምቻለሁ። ገብቼ ተቀመጥኩና፣ “እግዜር ይስጥሽ እህቴ” አልኩ። ሟቿን አንቱ ማለቴን የተውኩት ያኔ ነው።

ለጋሽ አፍንጫ ነገርኳቸው። የበሩ መቆለፊያ ላልቶ ይሆናል አሉ። “ጭሱስ?” አልኳቸው። እንፋሎት ነው፤ ብርድ ነው አሉ። “ሞተር ሳይነሳ?” ስላቸው አፍንጫቸውን አሻሹና ልፈትሻት ወይ አሉኝ። እንዳይነኩብኝ ለመንኳቸው።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት በር ይከፈት። “ወይዘሮ በር ክፈቱ” እያላችሁ ከኋላዬ እንደምትጠሩኝ አውቃለሁ፤ ወድጄዋለሁ፤ ስሙን ለምትተካኝ ስጧት።

ሆዳሙ ይጥገብላችሁ። ሰካራሙ ይብረድለት። ያለቀሰ እንባው ይታበስ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ጀርባችሁን አይመማችሁ፤ በጭንቅ ሰዓት በር የሚከፍትላችሁ አይጥፋ።

መኪናዋ መስኮቴ ስር ቆማለች። ሰውየው ያው እዚሁ ከእናንተ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ ነው። ስትወጡ ከማርሚታዋ ነጭ ነገር ሲወጣ ብታዩ መካኒክ አትጥሩ። ወሬ አብዝቼ ቆይቼባት ነው።