ኢሎይሎን አንድ ኮት ያለበሱት ፎቶ አንሺ

እኛ የእህታቸው ልጆች ቲዮ የምንላቸው ዶን ፕላሲዶ ጉምባን ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከካስቶርና ከእናታቸው ከሸማኔዋ ከፓውላ በ1851 ዓ.ም. እዚሁ ኢሎይሎ ወደብ ተወለዱ። ንባብና ጽሕፈት ከደብሩ ቄስ ዘንድ ተምረው ለክህነት ሲጠበቁ፣ ከማኒላ በመጣ ስፔናዊ ፎቶ አንሺ ልባቸው ሸፍቶ አምስት ዓመት ተከትለውት ሙያውን ይዘው ተመለሱ።

በ1878 ዓ.ም. ፎቶ ቤታቸውን ሲከፍቱ ያላቸው ጌጥ አንድ ወንበርና አንድ ጥቁር ኮት ብቻ ነበር። ስኳር ተሸካሚውም ዓሣ አጥማጁም ለበሱት፤ ባዶ እግሩን የሚያውቁት እሳቸውና ወለሉ ብቻ ነበሩ። የሰፋውን ኮት ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ እየያዙ፣ «ቀና በል እንጂ ዶን፣ ጆንያው እኮ ወርዷል» ይሉት የነበረው ሰው ከዚያ ወዲያ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄድ ነበር፤ ጎረቤትም ምስሉን ግድግዳ ላይ ካየ በኋላ የጌቶችን ማዕረግ «ዶን»ን ሳያስቀድም አይጠራውም። ዛሬም የብዙዎቻችን አያቶች በየሳሎኑ ያንኑ ኮት ለብሰው ተሰቅለዋል፤ የምትስቁ እግዜር ይይላችሁ።

በ1880 ዓ.ም. ምስሎቹን በብሩሽ ቀለም ይቀቡላቸው የነበሩትን ወይዘሮ ቪሴንታን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

አባቴ ፎቶ ሳይነሡ ባሕር በወሰዳቸው ጊዜ እህቴ ሉትጋርዳ ገና በማሕፀን ነበረች። ነፍስ ስታውቅ «አባቴ ምን ይመስላል?» እያለች ብታስቸግር፣ እናቴ ወንድማቸውን ለመኑ፤ ቲዮም ከመርከብ ሥራ ለፋሲካ የመጣሁትን እኔን ኮቱን አልብሰው፣ በምስሉ ላይ ጢም ስለውልኝ፣ በአባቴ ስም ሰቀሉት። እህቴ ያንን እየተሳለመች አደገች፤ እሳቸው ግን የልጅቷን እምነት እንዳጭበረበሩ እየተሰማቸው ሃያ ዓመት ተብሰለሰሉ።

ባለፈው ዓመት ሳምባቸውን ታመው ሲተኙ ሉትጋርዳን አስጠርተው ተናዘዙ። እሷም ትራሳቸውን እያስተካከለች፣ «ቲዮ፣ እሱንማ በአሥር ዓመቴ ደርሼበታለሁ፤ የወንድሜ ጆሮ ይጠፋኛል? ግን እማዬ ጠዋት ጠዋት ታወራዋለች፤ በምን አንጀቴ ላውርደው?» አለቻቸው። ቲዮ አለቀሱ፤ እኔም ከበሩ ኋላ ሆኜ አለቀስሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ትናንት ዐረፉ፤ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ኮርኔሊያንና ፍሎራን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን እናቴንም ትተውልናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን። እናቴ ዐይናቸው ደክሞ አሁን እኔን በአባቴ ስም ይጠሩኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።